ላሚቱ እሑድን አታውቅም

ሰሞኑን ልጆቼ በቴሌቪዥን ፓንዳ አይተው «እማዬ፣ እነዚህ ለምንድን ነው እንደ ልብ የማይወልዱት?» እያሉ ይዘውኛል። እውነትም ሴቷ ፓንዳ ለመፀነስ የምትደርሰው በዓመት አንዴ፣ ያውም ቢበዛ ለሦስት ቀን ነው። ዱር ውስጥ በጠረኗና በድምጿ ትጣራለች፤ ወንዶቹ ይፎካከሩባታል። በአጥር ውስጥ ግን የምታገኘው ሰው የመረጠላትን ነው። ኤዲንብራ መካነ እንስሳት የነበሩት ጥንዶች እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2023 ቆይተው አንድም ግልገል ሳይወልዱ ወደ ቻይና ተመልሰዋል።

ይህን ስነግራቸው የታየችኝ የጎረቤቴ ላም ናት። እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ብትሄዱ፣ አንድ ሁለት ዲቃላ ላም ጓሮ አስሮ በወተቷ ልጅ የሚያስተምር ቤት ብዙ ነው። ገጠር መስክ ላይ ኮርማው ከላሞቹ ጋር ስለሚውል ቀን የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። የከተማዋ ላም ግን ፉርሽካና ፋጉሎዋን እየበላች በአጭር ገመድ ትውላለች። ኮርማ መፈለጓ በደንብ የሚታወቀው ሌላ ላም ስትወጣባት ሳትሸሽ ስትቆም ነው፤ ብቻዋን የታሰረችው ላይ ማን ይውጣባት? የሚቀረው ምልክት መጮህ፣ መቁነጥነጥ፣ ወተት መቀነስና ከብልቷ የሚንጠለጠል የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ያልፋል።

ድራቱ በአማካይ በየ21 ቀኑ ይመጣል፤ የሚቆየውም ግማሽ ቀን ያህል ነው፣ በሀበሻ ላም ደግሞ ያጥራል። ጠዋት የታየባት ማታ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። የኮርማው ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ ላሟ ግን እስከ ነገም አትቆይም።

ጎረቤቴ ሁለት ዙር አመለጣት። በሦስተኛው ማልዳ አይታ አዳቃዩ ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ከሰዓት እደርሳለሁ» አላት።

«ልጄ፣ ላሚቱ እሑድን አታውቅም» አለችው።

ሰኞ ሲመጣ አልፏል። ሌላ 21 ቀን መኖ ያለ ጥጃ ተስፋ! ባሏ «መካን ናትና ለሉካንዳ እንሽጣት» ማለት ጀምሮ ነበር። በዚህ አልስማማም፤ ስንቷ ጤነኛ ላም ጊዜዋን የሚያይላት አጥታ ታርዳለች።

አሁን ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈትታ ከእኛ ጊደር ጋር ትለቃታለች። ቀኑንም ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አክብባለች። 21 ሦስት ሳምንት ድፍን ነውና የሚቀጥለውም እሑድ ላይ ይውላል። አዳቃዩን ከወዲሁ ቡና ጠርታ ነግራዋለች፤ እመጣለሁ ብሏል።