የሚያየው ሕፃንና የሚታየው ሕፃን

አንድ ሕግ የማንን ጥቅም እንደሚያስከብር ለመረዳት የአንቀጾቹን ውበት ማድነቅ አይበቃም፤ ሕጉ ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ መመርመር ያስፈልጋል። ሕፃናት በኢንተርኔት የግል መረጃቸው እንዳይበዘበዝ በአሜሪካ የወጣው ሕግ በቪዲዮ አዘጋጆች ላይ ያስከተለው ውጤት ባለፉት ዓመታት ብዙ አነጋግሯል። ዋሽንግተንን ከጂንካ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሐሙስ ቀን ወደ ቀይ አፈር ገበያ ወጣ ብሎ ከየመኪናው የሚወርደውን ካሜራና ካሜራውን የሚጠብቁትን ልጆች ይመልከት።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ መሰብሰብን ይከለክላል። ይሁንና ዩቲዩብን የያዘው ግዙፍ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ ሁለት ምላስ ነበረው። መድረኩ የአዋቂዎች ነው፣ ከ13 ዓመት በታች ተጠቃሚ የለንም እያለ፣ ለአሻንጉሊት አምራች ከበርቴዎች ደግሞ ልጆችን ለማግኘት ከእኛ የሚበልጥ የለም ይላቸው ነበር። ይህን ያጋለጠው የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከኒው ዮርክ ግዛት ጋር ባቀረበው ክስ ሲሆን፣ ኩባንያው በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ በጆሮ ሲሰማ ያስደነግጣል። ነገር ግን ዩቲዩብ በዚያው ዓመት ከማስታወቂያ ብቻ ያገኘው ገቢ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለ ነበር፣ ቅጣቱ የአራት ቀን ገቢው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሞኖፖሊ ካፒታልን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። መረጃውን የሰበሰበው ኩባንያው ሆኖ ሳለ፣ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው ለልጆች የተዘጋጀ መሆን አለመሆኑን የማመልከት ኃላፊነት በየአገሩ በሚገኘው የቪዲዮ አዘጋጅ ትከሻ ላይ ተጫነ። ለልጆች ነው ካለ፣ ተመልካቹን እየተከተለ የሚታለመው ማስታወቂያ ይቀርበታል፣ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፣ የማስታወሻው ደወል ይጠፋል። አይደለም ብሎ ቢሳሳት፣ በእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 42,530 ዶላር ሊደርስ በሚችል ቅጣት ተሸበረ። ግዴታው በአሜሪካ የሚኖረውን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፊደል የሚያስቆጥረው፣ ተረት የሚተርከው ወጣትም በዚሁ ሚዛን ተለካ።

እዚህ ላይ ተገቢውን ለተገቢው እንስጥ። ልጅን በየሄደበት እየተከተለ ፍላጎቱን የሚመዘግብ ማስታወቂያ መከልከሉ ተራማጅ እርምጃ ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን እኛ እሳቸውን እናይ ነበር እንጂ ቴሌቪዥኑ እኛን አያይም ነበር። ዛሬ መስኮቱ ልጁን መልሶ ያያል። ቅሬታችን ጥበቃው በመኖሩ ሳይሆን ዋጋውን የተረት ነጋሪው በመክፈሉ ነው። የቅሬታችን ዋና ክፍል ግን ሌላ ነው።

ሕጉ የሚጠብቀው የሚያየውን ሕፃን ነው፤ ይኸውም መረጃው የሚሸጠውን፣ ነገ ገዢ የሚሆነውን ደንበኛ። በምስሉ ውስጥ ያለው፣ የሚታየው ሕፃን በዚህ ሕግ ፊት የለም። ወደ ቀይ አፈር በሚያስገባው መንገድ ዳር የበና ልጆች ሰውነታቸውን በነጭ ቀለም አስጊጠው በረጃጅም ምርኩዝ እንጨት ላይ ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። በኦሞ ወንዝ ዳር በካሮ መንደሮች፣ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በሙርሲዎች ዘንድ፣ በቱርሚ በሐመሮች መካከል ጥቂት ብር እየተከፈለ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። መንገደኛው አገሩ ሲመለስ ያንን ቪዲዮ በዩቲዩብ ይለቅቃል። ተመልካቾቹ አዋቂዎች ስለ ሆኑ ሥራው «ለልጆች የተዘጋጀ» አይባልም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ሙሉ ነው፣ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው፣ ስለ ልጁ አካልና አለባበስ የፈለገ ሁሉ የፈለገውን ይጽፍበታል። እንግዲህ ቅራኔውን ልብ ይሏል፦ ለልጆች ፊደል የሚያስተምረው አዘጋጅ ገቢው ሲቀነስ፣ የልጅን ምስል ሸቀጥ ያደረገው አዘጋጅ አልተነካም።

በእንጨቱ ላይ የቆመው ልጅ ሠራተኛ ነው። ያቆማል፣ ይጠብቃል፣ ፀሐይ ይመታዋል። የሚከፈለው ግን ለአንድ ቅጽበት ሲሆን፣ ምርቱ ለዓመታት ይሸጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሙርሲዎችና ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎቻቸው የጻፈው ጽሑፍ ይህን እኩልነት የጎደለው ግንኙነት ከብዙዎች ቀድሞ አሳይቷል። ያኔ ግን ፎቶግራፉ በአብዛኛው በአልበም ውስጥ ይቀር ነበር።

የሚታየውን ልጅ የሚያይ ሕግ በዓለም ላይ ጨርሶ የለም አንልም። ፈረንሳይ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ወላጆች ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻቸውን እየቀረጹ በኢንተርኔት ሲነግዱ ገቢው ለልጁ እንዲቀመጥ፣ ልጁም ምስሉ እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጋለች። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛትም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሁለቱም የታሰቡት በገዛ ቤቱ ወላጁ ለሚቀርጸው ልጅ እንጂ፣ እንግዳ ሰው በመንገድ ዳር ለሚቀርጸው የበና ልጅ አይደለም።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ራሳችን ሕጎች መመለስ ይገባናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ድርጊቱ እንዲቆም ለመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ካሣውም ቀራጹ ካገኘው ጥቅም ጋር ሊስተካከል እንደሚችል ይደነግጋል። ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ ቢሆንም ለዛሬው ጥያቄ ከብዙ ዘመናዊ ሕግ ይልቅ የቀረበ ነው። እርግጥ ክፍተት አለው፤ አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት የተፈጸሙ ሁኔታዎችንና ሥርዓቶችን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። የሐመር የከብት ዝላይ ሥርዓት ታዲያ የሕዝብ ሥርዓት ነውና ሁሉም ይቅረጸው ይባላልን? የጎልማሶቹን ሥርዓት ሳይሆን ከዳር ቆማ የምትመለከተውን ሕፃን ፊት አቅርቦ የሚሸጥ ቀራጭ በዚህ አንቀጽ መከለል አይገባውም እንላለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በበኩሉ ተቆጣጣሪ አበጅቷል፤ እሱም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ነገር ግን ጣታችንን በባዕድ ላይ ብቻ ቀስረን ግለ ሂስ ሳናደርግ ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በየበዓሉ የደቡብ ኦሞ ልጆችን ምስል ስም የለሽ ጌጥ አድርገን ያተምነውና ያሰራጨነው እኛው የብዕርና የካሜራ ሰዎች ነን። የባለሥልጣን ልጅ ብትሆን ወላጇን እንጠይቅ ነበር። የሐመር ልጅ ስትሆን «ባህል» ብለን አለፍን። ይህ አስተሳሰብ ከመንገደኛው አስተሳሰብ በምን ይለያል?

ከድሃ ቤተሰብ አፍ ያቺን ጥቂት ብር አትንጠቁ የሚሉን አሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በድርቅ ከብቱ ላለቀበት አርብቶ አደር ያቺ ብር እህል ናት። የምንጠይቀው ካሜራው እንዲባረር ሳይሆን፣ ውሉ ከልጁ ጋር ሳይሆን ከቤተሰቡና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር እንዲደረግ፣ ምስሉ የት እንደሚሄድና ገንዘብ እንደሚያስገኝ በራሳቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው፣ በትምህርት ሰዓት ልጅ መቅረጽ እንዲከለከል ነው። ይህን ለማስፈጸም የጂንካና የቱርሚ አስጎብኚዎች ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው፤ መንገደኛው ያለ እነሱ መንደር አይገባምና። ባለሥልጣኑም አቤቱታ የሚቀበል ሰው በጂንካ ቢያስቀምጥ፣ የሐመር እናት ለአንዲት ማመልከቻ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አይኖርባትም።

ከመስከረም በኋላ የጎብኚዎች መኪና ከአርባ ምንጭ በኮንሶና በወይጦ በኩል ወደ ቀይ አፈር መጉረፍ ይጀምራል። አንድ ገጽ የማይሞላው መመሪያ ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ በእያንዳንዱ አስጎብኚ እጅ መግባት አለበት።