አራቱ ወንጌላት ሲለያዩ መምህሩ ምን ያድርግ?

በመቐለ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለሚማር ወጣት፣ ወንጌላቱ የሚለያዩበትን ቦታ አስታርቆ ማስተማር ይሻላል ወይስ እንዳለ ማሳየት? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይታረቅ

በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው መጥገቡን አራቱም ጽፈዋል፤ ስቅለቱንና ትንሣኤውንም እንዲሁ። የቀረው የአተራረክ ጉዳይ ነው። በኢያሪኮ ማቴዎስ ሁለት ዕውራን ሲል ማርቆስ በርጤሜዎስን ብቻ ያነሣል፤ ሌላ አልነበረም ግን አላለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ማስታረቅ ታውቃለች። ማርቆስ ጌታ በሦስት ሰዓት ተሰቀለ ይላል። በዮሐንስ ግን ስድስት ሰዓት ገደማ ጲላጦስ ገና በፍርድ ወንበር ላይ ነው። የዓርብ ሥርዓታችን ሦስት ሰዓትን ለግርፋቱ፣ ስድስትን ለስቅለቱ ሰጥቶ አስማማቸው። ልጁ ልዩነቱን ብቻ ይዞ ቤቱ ከገባ፣ መልስ የሚሰጠው ስልኩ ነው።

እንዳለ ይታይ

ወንድሜ ዓርብን ማንሣቱ ለእኔ በጀኝ። በዚያ ዕለት ግብረ ሕማማት አራቱንም ወንጌል በየተራ ያስነብባል እንጂ አይቀላቅላቸውም። ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ በማቴዎስና በማርቆስ ሁለቱም ወንበዴዎች ሲሳደቡ ይሰማል፤ በሉቃስ አንደኛው ንስሐ ሲገባ ይሰማል። በዚህ የተሰናከለ ምእመን አላየሁም።

መቀላቀልማ ተሞክሯል። በ2ኛው መቶ ዘመን ታቲያን አራቱን አንድ መጽሐፍ አደረጋቸው። ሶርያውያን ለረጅም ጊዜ ሲያነቡት ኖረው፣ በ5ኛው መቶ ዘመን የገዛ ጳጳሶቻቸው ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ሰበሰቡት።

የእኛ አባቶች ሌላ መንገድ ያዙ። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ከፊታቸው የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች በቀለምና በዓምድ አጊጠው ተሥለዋል። የሰንጠረዦቹ ሥርዓት አሥር ክፍል አለው፤ አንደኛው አራቱ የሚጋሩትን፣ አሥረኛው እያንዳንዱ ብቻውን የጻፈውን ይጠቁማል። ልዩነት መደበቅ የፈለገ ሰው አሥረኛውን አይሥልም ነበር።

ስልኩ እንደሆነ ልዩነቱን ለልጁ ቀድሞ ነግሮታል። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ፣ ሉቃስ ኤሊ ማለቱን ከመምህሩ አፍ ይስማው።

አጭር መልስ

ይስማ፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን አንዱ የሥጋ፣ ሌላው የሕግ አባት ነው የሚለው መልስ ከ3ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ጥያቄውን ያነሣ መምህር ይህን ሳይናገር ልጆቹን አያሰናብት።