ወላጅ ጨዋታውን አይቶ ይፍረድ

ስለ ስልክ የተኩስ ጨዋታዎች በወላጆች ዘንድ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «ልጄን ነፍሰ ገዳይ ያደርግብኛል» ብሎ ስልኩን ይነጥቃል፤ ሌላው «ከቤት እስካልወጣ ምን አለበት» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም የፈረዱት ሳያዩ ነው። በአዲስ ቅዳም ገበያ ግን በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም!

ታዲያ ምን ይታይ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፐብጂ ሞባይል እስከ 100 ተጫዋቾችን በአንድ ሜዳ ያዋጋል፤ የማይተዋወቁትንም በድምፅ ያነጋግራል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ላሉ ጨዋታዎች የዕድሜ ምልክት ይሰጣል። ለምሳሌ የአውሮፓው ፔጊ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 እያለ ይመድባል። ቁጥሩ ግን እንግዳ ሰው ለልጁ የሚናገረውን አይመዝንም።

ስለዚህ ወላጅ ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ዙር ይመልከትና ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? መቼ ነው የሚያበቃው? ገንዘብ ያስከፍላል ወይ? ሌባና ፖሊስ ስንጫወት እናቶቻችን ይህን ሁሉ ከደጃፍ ሆነው ያዩት ነበር፤ ሲመሽም ጨዋታው ያበቃል። የስልኩ ጨዋታ ግን አይመሽበትም። ለእነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ! ነገ በየቀበሌው ስንመደብ ወላጅ የሚጠይቀው እኛን ነው። ብዙዎቻችን ጨዋታውን እናውቀዋለን። እንግዲያው በወላጆች ስብሰባ ላይ ስልኩን ከፍተን እናሳያቸው፤ ፍርዱን ግን ለእነሱ እንተው።