እርማቱን ማን አረመው?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ኮድ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ግን እኔ ያለሁበት ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጓደኛዬ ሰሞኑን ያጫወተኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የራሱን ሙያ እያማ የኛን ጉድ ነው የነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሪፍሌክሽን የሚሉት ላይብረሪ አለ። አንድ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ራሱን የሚያይበት መስታወት በሉት፤ "በውስጤ ምን ምን ክፍል አለ? የትኛው በምን ስም ይጠራል?" ብሎ ይጠይቅበታል። ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ መስታወቱ የተቆለፈውንም ክፍል ሊያሳይ ስለሚችል ጠባቂ ይፈልጋል። አዳም ጎውዲያክ የተባለ ፖላንዳዊ ተመራማሪና ድርጅቱ በዚሁ በኩል፣ እንግዳ ፕሮግራም ከታጠረለት አጥር ሾልኮ የሚወጣበትን ቀዳዳ አገኙ። የጃቫ ባለቤት ኦራክል በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ቀዳዳውን ደፈንኩ አለ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጎውዲያክ ተመልሶ መጣና እርማቱ እንደማይሠራ አሳየ። ያደረገው ምን መሰላችሁ? ከድሮው የሙከራ ኮድ 4 ፊደል ቀየረና አንዲት ትንሽ ሰርቨር አጠገቡ አቆመ፤ በቃ። ኦራክል በዚያው ወር እንደገና ለማረም ተገደደ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር "ታርሟል" ተብሎ የተጻፈው ነገር አልታረመም ነበር ማለት ነው። ጓደኛዬ እንደሚለው ይሄ የፕሮግራመሮች የዘወትር በሽታ ነው። ስህተቱን ያጋለጠውን ያንኑ ምሳሌ መልሰው ይሞክሩና "ይኸው ሠራ" ብለው ይዘጉታል። ምሳሌውን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎ የሚሞክር፣ እርማቱ ቢወድቅ ደስ የሚለው ሰው አጠገባቸው የለም።

የሩቅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አስታውሱ። ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር አለበት፤ አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ፣ ሴንሰሩ ሲሳሳት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ ነበር። በመካከል በነበሩት አራት ወራት ኮዱ አልታረመም። በእርማት ፈንታ የመጣው ወረቀት ነው፤ "እንዲህ ሲሆን ይህን ማጥፊያ ዝጉ" የሚል መመሪያ። የኛ አብራሪዎች ዘጉት። ከዚያ በእጅ ለማስተካከል ሲሞክሩ እንዳልሠራላቸው መጋቢት 26 ቀን የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ላይ ሰፍሯል። ያን መመሪያ የጻፈው ሰው በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ሁሉ የማስጠንቀቂያ ጩኸት መሃል ሞክሮት ያውቅ ነበር? እኔ እንጃ፣ ይሄ ጥያቄ አያስተኛኝም።

ኮዱ ራሱ መታረም ሲጀምር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አብራሪዎች እርማቱን በሲሙሌተር ሲፈትኑ፣ በበረራ ኮምፒውተሩ ላይ ማንም ያልጠበቀውን ሌላ ችግር አገኙ። ሥራው ተመለሰ። አውሮፕላኑ አሜሪካ ውስጥ እንዲበር የተፈቀደው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከ20 ወር በኋላ። ኤምካስም ሁለቱን ሴንሰሮች እያነጻጸረ እንዲሠራ ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው በጥር 2014 ዓ.ም. ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት የሰኔዋን ፈተና ነው። ፈታኞቹ የድሮውን ስህተት ብቻ ደግመው አይተው "አለፈ" ቢሉ ኖሮ አዲሱ ችግር ተሳፍሮ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ያሳፍራል ግን እናገራለሁ። አምና ለክፍላችን የልምምድ ጋዜጣ ስለ ሰፈሬ የውኃ ፈረቃ ጻፍኩ። የመቀሌን የውኃ ነገር የምታውቁት ነው። ፈረቃችን ሰኞ ሆኖ ሳለ ረቡዕ አልኩ። ስህተቱ ሲነገረኝ አረምኩና አንድ የክፍል ጓደኛዬን "እስቲ እይልኝ" አልኩት። ጣቴን ያስቀመጥኩበትን መስመር አየ፤ "ተስተካክሏል" አለኝ። የታረመውን ቅጂ ሰፈር ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩት።

ከጽሑፉ በታች ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ አሁንም ረቡዕ ይላል!

አከራዬ አደይ ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ያነበበላቸው ሰንጠረዡን ነው። ውኃው ሰኞ ሌሊት መጥቶ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ በጋሪ የሚመጣ ውኃ በጀሪካን ሲገዙ ሰነበቱ። አልተቆጡም። "ወደይ፣ ታረመ ያልከኝ የትኛው ነው?" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ዜና ስንጽፍ መምህር ያየዋል፣ አርታኢ ያየዋል። እርማት ስንጽፍ ግን ማን ያያል? ሁለት መስመር ስለሆነች፣ ደግሞም ስለምታሳፍር፣ ቶሎ ወርውረናት እንሸሻለን። የፕሮግራመሮቹ አሠራር እዚህ ላይ ይበልጠናል ባይ ነኝ፤ ደንበኛዎቹ ማለቴ ነው። አንዱ ያረመውን ሌላው ሳያየው አይገባም፤ የሚያየውም ሰው የታረመችውን መስመር ብቻ ሳይሆን ያቺ መስመር የምትነካውን ሁሉ ይጎረጉራል። እኛም እርማት የሚያይልንን ሰው "እዚህ ጋ ነው" እያልን በጣት ባንመራው ምን አለበት? ገጹን ከአናቱ እስከ ግርጌው፣ ርዕሱን፣ የፎቶውን መግለጫ፣ ሰንጠረዡን ጨምሮ ያንብበው። ጊዜ ይወስዳል፤ ለአንድ እርማት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የዚህ ቡለቲን አዘጋጆች ከሚቀጥለው እትም ጀምረው ቢሞክሩት የመጀመሪያው አንባቢ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለዚያው ለኮምፒውተር ሳይንሱ ጓደኛዬ ሰጥቼው ነበር። ሁለት ቦታ ስህተት አገኘብኝ፤ አንዱ የዓመተ ምሕረት ነው። አርሜዋለሁ። ነገ ደግሞ የታረመውን፣ የቱ ጋ እንደነካሁ ሳልነግራት፣ ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።