አገር ያለበሱ አባቶች ልጅ እንዴት «መጤ ለበሰች» ትባላለች?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ልጆቻችን ሒጃብ ለብሰው ትምህርት ቤት በር ሲደርሱ «ይህ ባህላችን አይደለም፣ ከዓረብ አገር የመጣ ነው» ይባላሉ። በ2017 የአክሱም እህቶቻችን ከክፍል ሲታገዱ ደግሞ ምክንያቱ «ደንብ» ሆነ። ምክንያቱ ይቀያየራል፤ የሚዘጋው በር ግን ያው ነው።

እስኪ «ባህል» ስለሚሉት ልብስ እንነጋገር። በጎጃም ደጋ እናቶቻችን፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ቀሚሳቸውን በመቀነት ታጥቀው፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ኖረዋል። ያንን ነጠላ ማን ሸመነው? አብዛኛውን ርስት የተነፈጉት አባቶቻችን ናቸው። «እስላም አገር የለውም» እየተባሉ መሬት ሲከለከሉ፣ አንዱ በባሶ ገበያ ነገደ፣ ሌላው ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያ ጨበጠ። ጎረቤቶቻችን ለዓመት በዓል የደመቁበት ሸማ የእነዚያ እጆች ሥራ ነው።

ደግሞስ ልብስ መቼ ባለበት ቆሞ ያውቃል? አቡጀዲው ከባሕር ማዶ መጣ። የፋብሪካ ጨርቅ፣ ሹራብ፣ ጉርድ፣ ሱሪ ተከተሉት። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ሱሪ የለበሰችን ልጅ «ከየት አመጣሽው?» የሚላት የለም፤ ሊላትም አይገባም። እማሆይን «ቆብዎን ያውልቁ» የሚላቸው የለም፤ ሊላቸውም አይገባም። ታዲያ ጥያቄው ለእኛ ልጅ ሲሆን ብቻ የሚነሳው ለምንድን ነው?

የእናቶቻችን ነጠላ ወደ ሒጃብ የተለወጠው በማንም ትእዛዝ ሳይሆን በዕውቀት ነው። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ። በ1967 የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓት አበቃ። ከ1983 በኋላ ኪታቦች እንደ ልብ ገቡ፣ መድረሳዎች ተስፋፉ። ሴት ልጆቻችን በሱረቱ አን-ኑር የታዘዘውን ራሳቸው ቀርተው ለበሱት። ጠዋት እኛ ዘንድ ቁርኣን፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብና ፊዚክስ ይማራሉ። እናቶቻቸው ያላገኙትን ትምህርት ፍለጋ የወጡት ከነሒጃባቸው ነው። «ሒጃብ ሴትን ወደ ኋላ ይጎትታል» የሚል ሰው፣ ልጅቷን ከክፍል ያስቀራት ሒጃቧ ሳይሆን እርሱ መሆኑን ይወቅ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 እምነትን የመግለጽ መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ሕግም ሆነ ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደሌለው ደንግጓል። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ከዚህ አይበልጥም።

ለራሳችንም እውነቱን እንናገር። «ከበር ተመለሰች» ብሎ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ የሚድር አባት፣ የከልካዩን ሥራ ጨረሰለት ማለት ነው። ሒጃብ ያልለበሰችን እህት መንገድ ላይ የሚያሸማቅቅ ወጣትም ጥያቄያችንን ያፈርሳል። በዲን ማስገደድ የለም። እኛ የምንለው ማንም አያስልብሳት፣ ማንም አያስወልቃት ነው።

ስለዚህ ልጅ ከበር ስትመለስ እናትና አባት አብረዋት ይሂዱ። ክልከላው በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። ቀኑንና የተባሉትን መዝግበው ለመስጂዱ ኮሚቴ ያድርሱ። ድንጋይ አናነሳም፣ ስድብ አንመልስም። ነገር ግን አንዲት ልጅ እንኳ ቤት እንድትቀር አንፈቅድም።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!