ጭማሪው ከታች ይጀምር



ስለ መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ወሬ ሲነሣ «እኛን ምን አገባን፣ ደመወዝተኛው ይጨነቅበት» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ኧረ ያገባናል! በቀበሌ መታወቂያ የሚጽፍልን፣ በጤና ጣቢያ ካርድ የሚያወጣልን፣ ሌሊት የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚጠብቅልን፣ ጎሕ ሳይቀድ የከሚሴን አስፋልት የምትጠርግልን፣ ሁሉም የሚከፈላቸው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። የሚሠሩትም ለእኛው ነው። ስለዚህ አከፋፈሉ ትክክል ነው ወይ ብለን መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው።

መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራበት ያወጣው የደመወዝ እርከን ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። በዲግሪ አዲስ የሚቀጠረው ከ6,940 ወደ 11,500፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ደርሷል። መጨመሩ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ይሁን እንጂ እርሳስ ይዘን እናስላው። ታች ያለው ያገኘው ጭማሪ ከመቶ 26 ገደማ ነው። ባለዲግሪው 66 ገደማ፣ ላይ ያለው ከ81 በላይ አግኝቷል። እንግዲህ ትንሽ ለነበረው ትንሽ፣ ብዙ ለነበረው ብዙ ተጨመረ ማለት አይደል?

ያ 6,000 ብርም ሙሉውን እጅ አይገባም። ከመቶ ሰባት ለጡረታ ሲቆረጥ 420 ብር ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ስለሆነ፣ ከቀረው ላይ 700 ብር ግብር ይነሣል። ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ የሚተርፋቸው 4,880 ብር ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተር፣ ዘይትና ሽንኩርት ሁሉ ከዚሁ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ ለእናንተ አልነግርም። እሑድ ሰንበቴ ወይም ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥቶ እህል የሚጠይቅን ሰው፣ ባለእህሉ «የደመወዝ እርከንህ ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ አይቀንስለትም።

የተማረ ይበልጥ አይከፈለው አላልኩም። መምህሩም ነርሷም ደክመው ተምረዋል፤ የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ችግሩ እነሱንም እንደነካ ያሳያል። «የቀን ሠራተኛው ጡረታ እንኳ የለው፣ ለምን ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይታሰባል?» የሚል ወገንም እውነት አለው። በአገራችን ለግል ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እስከ ዛሬ የለም። ነገር ግን መንግሥት ራሱ ለዘበኛው በቂ ካልከፈለ፣ የግል አሠሪውን «በቂ ክፈል» ለማለት በምን አፉ? ደመወዝ አነሰኝ ብሎ ከባለጉዳይ የሻይ መጠየቅ ግን ጉቦ ነው፤ ማነሱ ለዚህ ፈቃድ አይሆንም።

እርከኑን የሚወስነው የበላይ አካል ነው፤ በእኛ ደረጃ አይለወጥም። ሆኖም በጀት በየዓመቱ በየምክር ቤቱ ይታያል፤ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ሠራተኛም በአብዛኛው የሚከፈለው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ስለዚህ በከተማችን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ማኅበራችን እንዲጠየቅ የምለው ይህን ነው፤

1ኛ. ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ከስብሰባና ከውሎ አበል በፊት የዝቅተኛ ሠራተኞች ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይከፈል።

2ኛ. ለጽዳት ሠራተኞች ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና ቦቲ ጫማ በበጀት ተይዞ በጊዜው ይሰጥ። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጥቅም «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

3ኛ. በበዓል ቀንና በትርፍ ሰዓት ለሚሠራ ዘበኛ ወይ ክፍያው ወይ የዕረፍት ቀኑ ይሰጠው፤ ሁለቱንም አያጣ።

4ኛ. ቋሚ ሥራ ለዓመታት በኮንትራት የሚሠራ ሰው ጎኑ ካለው ቋሚ ሠራተኛ እኩል ይታይ።

5ኛ. የየሥራ መደቡ ደመወዝና ጥቅም በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የተደበቀ ነገር ሐሜት ያመጣል።

ይህን ስንጠይቅ የእኛም ድርሻ አለ። ደረሰኝ ሳንቀበል፣ ግብር እየሸሸን፣ የቆሻሻ ማንሻ ሳንከፍል «ለሠራተኛው ይጨመር» ማለት አያምርም። ከየት ይምጣ?

ስለዚህ የበጀት ውይይት ሲጠራ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲገኝ፣ እጁንም አውጥቶ እነዚህን አምስት ነገሮች እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። ዘበኛውና ጠራጊዋ በስብሰባው መካከል ተነሥተው ስለ ራሳቸው ለመናገር ይቸግራቸው ይሆናል። እኛ ግን የሚያስፈራን ነገር የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ