መርፌው ለእኔ ይሠራ ይሆን?

 

ባለፈው፣ በሰንበት ማግስት፣ አክስቴ ደወሉልኝ። ስኳር ከያዛቸው ሃያ ዓመት አልፏል፤ አሁን አውራ ጣታቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏል። «ልጄ፣ ከራስ መቅኔ ወስደው እግር ላይ የሚወጉት መርፌ አለ አሉኝ። እግሬን ከመቆረጥ ያድነኛል? ለጺንቱሩ የሰጡኝን ቀጠሮስ ልተወው?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚህ ልመልሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ሲቆይ የእግርን የደም ሥር ያጠብባል። ደም ካልደረሰው ደግሞ ቁስል አይድንም። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የጠበበውን ሥር በጺንቱር ወይም በቀዶ ሕክምና ለመክፈት ይሞክራሉ። የሴል ሕክምና የታሰበው ይህ ለማይሆንላቸው ሰዎች ነው። ከዳሌ አጥንት መቅኔ ይቀዳል፤ ሴሎቹ ተለይተው ባት ላይ ይወጋሉ፤ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ነው ተስፋው።

በ2002 የጃፓን ሐኪሞች ጥሩ ውጤት አገኘን ብለው ጻፉ። በ2015 ግን በሆላንድ 160 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሴሉ በደም ሥራቸው የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው በእግር መቆረጥ ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳየ። እዚሁ ሃይፋ የሚገኘው፣ ያኔ ፕሉሪስተም ይባል የነበረው ኩባንያ ከእንግዴ ልጅ በተገኙ ሴሎች ያካሄደው ትልቅ ሙከራም በ2020 መጨረሻ ግቡን ሳይመታ ቀረ።

ታዲያ አንዱ ሲሻለው ሌላው ለምን አይሻለውም? አባቴ ቄስም ገበሬም ነበሩ። ዘር ከመዝራታቸው በፊት አፈሩን በእጃቸው ያዩ ነበር። ሐኪሞችም አሁን አስቀድመው ለማወቅ እየጣሩ ነው። እግር ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ኦክስጅን ይለካሉ። የቁስሉን ስፋት፣ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን፣ የደም ምርመራውንና የሴሎቹን ብዛት ያያሉ። ዕድሜና ስኳር መቅኔውንም ያደክማሉና፣ ዘሩ ራሱ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም «ለእርስዎ ይሠራል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ምርመራ እስካሁን የለም።

ለአክስቴ እንዲህ አልኳቸው፦ «ቀጠሮዎን እንዳይተዉ! መርፌውን ሲጠብቁ ቁስሉ አይጠብቅዎትም።» ሐኪሙንም እነዚህን ይጠይቁ አልኳቸው፦ ሥሩ ሊከፈት ይችላል ወይ? እግሬ ላይ ያለው ኦክስጅን ስንት ነው? መርፌው የተፈቀደ ሕክምና ነው ወይስ ሙከራ? ሙከራ ከሆነ ወረቀቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሳይነገራችሁ አትፈርሙ። ልጆቻችን ሲያስተረጉሙ፣ እንዳንደነግጥ ብለው ከባዱን ነገር ይዘሉታል እኮ። ኩፓት ሆሊም ውስጥ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

ማታ ማታ ደግሞ እግራችሁን እዩ፤ ውስጡ ካልታያችሁ የልጅ ልጅ ይይላችሁ። ስኳር ስሜትን ስለሚያጠፋ ቁስል ሳያም ሊያድግ ይችላል። ትንሽ ቁስል ካያችሁ «ነገ ይድናል» ሳትሉ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አክስቴ ወደ ቀጠሯቸው ሄደዋል። እናንተስ ጫማችሁን ያወለቃችሁ ጊዜ እግራችሁን አያችሁት?

ደህና ሰንብቱ።